ከሽምግልና ወርዶ ከወንድሞቹ ያልራቀው ሳይንቲስት

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ተማሪ ሳሉ የፊዚክስ መምህርዎ በክፍል ውስጥ ያሳዩዎት አንድ ሙከራ ትዝ ይልዎታል? የመዳብ ሽቦ ጥቅልል ከጋልቫኖሜትር ጋር ይያያዛል። ማግኔት ወደ ጥቅልሉ ሲገባ የመሣሪያው ቀስት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ ሲወጣ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ማግኔቱ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ግን ቀስቱ ዜሮ ላይ ይቆማል። ያለ ባትሪ ኤሌክትሪክ ተገኘ ማለት ነው። ይህንን ለዓለም ያሳወቀው ማይክል ፋራዴይ የተባለ ክርስቲያን ነበር።

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 በለንደን አጠገብ ከድሃ ብረት ቀጥቃጭ ተወለደ። ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ከመማር ያለፈ ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ በአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ሱቅ ለመለማመድ ገባ፤ ለ7 ዓመት የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ። በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ የታዋቂውን ሳይንቲስት የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት የሚሰማበት ትኬት ሰጠው። ፋራዴይም የሰማውን ጽፎና ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በ1820 ኦርስትድ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ኤሌክትሪክ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አሳይቶ ነበር። ፋራዴይ ደግሞ ማግኔት በተራው ኤሌክትሪክ ይሰጥ እንደ ሆነ ጠየቀ። መልሱን ያገኘው በ1831 ነው። በነሐሴ ወር በብረት ቀለበት ላይ በጠመጠማቸው ሁለት ሽቦዎች፣ በጥቅምት ደግሞ ማግኔትን ወደ ጥቅልል በማስገባትና በማውጣት አረጋገጠው። ዛሬም በግድብ ውኃ የሚዞር ጄኔሬተር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ነገር ግን አንድ ሌላ ታሪክ ልንገርዎ። ፋራዴይ በ1821 ሣራ የተባለችውን እኅት አገባ፤ በዚያው ዓመት ሳንዴማናውያን በሚባሉ ጥቂት አማኞች ጉባኤ ፊት እምነቱን መሰከረ። በ1840 ሽማግሌ ሆኖ ተሾመ፤ ቃሉንም ይሰብክ ነበር። በ1844 ግን ጉባኤው ከሌሎች ምእመናን ጋር ከኅብረት ለየው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢመለስም ሽምግልናውን አጣ።

እስቲ ያስቡት! ስሙ በአውሮፓ ሁሉ የታወቀ ሰው ነው። ተቀይሞ ቢሄድ የሚያከብረው ቦታ ሞልቶ ነበር። እርሱ ግን ወደ ወንድሞቹ ተመልሶ እንደ ማንኛውም ምእመን ተቀመጠ። እንደ ገና ሽማግሌ የሆነው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1860 ነው። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሲጠየቅም አልቀበልም አለ። በ1867 ሲሞት እንደ ፈቃዱ ያለ ታላቅ ሥነ ሥርዓት በሃይጌት መካነ መቃብር ተቀበረ።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት እርስዎም አገልግሎትዎን አጥተው፣ በወንድሞችም አዝነው ከኅብረት ርቀው ይሆን? ዛሬ ማታ መብራት ሲያበሩ ይህንን ሰው ያስታውሱ። ወንበሩን ቢያጣም ወንድሞቹን አልተወም። እርስዎም ይመለሱ። ጌታ ይርዳዎ።