የተሰወረ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ ያስተማረው አል-ኪንዲ

ረመዳን የቁርኣን ወር ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ወር ቁርኣንን ለማኽተም እንሽቀዳደማለን። ቀደምት ዑለማዎች ግን ከመቅራት አልፈው ቃላቱንና ፊደላቱን ሳይቀር አንድ በአንድ ቆጥረዋል። አቡ ዩሱፍ ያዕቁብ ኢብን ኢስሓቅ አል-ኪንዲ ፊደል መቁጠር እንደ ዒልም በሚታይበት በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ801 ገደማ ነው። ዘሩ ከኪንዳ ነገሥታት ይመዘዛል፤ ከአያት ቅድመ አያቶቹ አንዱ ሶሓባው አል-አሽዐስ ኢብን ቀይስ ናቸው። አባቱ የኩፋ አስተዳዳሪ ነበር። እሱ ግን ሹመት ሳይሆን መጽሐፍ ፈልጎ ባግዳድ ገባ። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን የግሪክ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲመለሱ ትርጉሞቹን ያርም ነበር፤ ቀጥሎም የኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ልጅ አሕመድ አስተማሪ ሆነ። በፍልስፍና፣ በሒሳብ፣ በሕክምናና በዜማ ከ200 በላይ ድርሳናት እንደጻፈ ኢብኑ ነዲም መዝግቧል። አል-ጃሒዝ ስለ ቋጣሪዎች በጻፈው መጽሐፉ የሚቀልድበት አል-ኪንዲም እሱ ነው ይባላል። ሊቅነት ከሐሜት አያድንም።

ከድርሳናቱ አንዱ ስለ ምስጢራዊ ጽሑፍ አፈታት ነው። ከእሱ በፊት የበስራው አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከሮም ንጉሥ የመጣ የተሰወረ ደብዳቤ ፈትቷል ተብሎ ይነገራል። ደብዳቤው በአምላክ ስም ይጀምራል ብሎ ገምቶ ከዚያ ተነሳ። አል-ኪንዲ ደግሞ ግምትን ወደ ስሌት አሳደገው። በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ረዘም ያለ ግልጽ ጽሑፍ ውሰድ፤ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠር፤ በተሰወረው ጽሑፍም እንዲሁ አድርግ፤ ከዚያ በጣም የበዛውን በጣም ከበዛው ጋር አስተያይ። በዐረብኛ አሊፍ ይበዛል፣ ላም ይከተላል። ጽሑፉ አጭር ከሆነ ግን ቆጠራው ያሳስታል። ያን ጊዜ የትኞቹ ፊደላት ተከታትለው እንደሚመጡ፣ የትኞቹስ ፈጽሞ እንደማይገጥሙ መመርመር ያስፈልጋል።

ሞርሲቶ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ወጣትም ይህን ያውቀዋል፤ ስሙን ባይጠራውም። ጣት አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ከተንሸራተተ፣ ወይም ኪቦርዱ ሳይታወቅ በዐረብኛ ላይ ከቀረ፣ የጻፈው ሁሉ ዝብርቅርቅ ይላል። ሆኖም የጠፋ ነገር የለም፤ አንድ ቁልፍ ምንጊዜም ያንኑ አንድ ፊደል ተክቷል። በአማርኛ ለአንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ስለምንጫን የአናባቢ ቁልፎች ከሌሎቹ በልጠው ይደጋገማሉ። እነሱን መቁጠር ነው። መልእክቱ በአሰላሙ ዐለይኩም እንደሚጀምር ከተገመተ ደግሞ የአል-ኸሊል ዘዴ ታከለበት ማለት ነው። ሁሉም ቁልፍ እኩል ከተንሸራተተ አንዱን ያገኘ ሌላውንም አገኘ።

ይህ ጥበብ ግን ወሰን አለው። በ29 ሱራዎች መጀመሪያ የሚመጡትን እንደ አሊፍ ላም ሚም ያሉ ፊደላት በቆጠራ ፈታን የሚሉ አሉ፤ እኔ አልከተላቸውም። ብዙ ዑለማዎች ትርጉማቸውን ለአላህ ትተዋል።

በኸሊፋ አል-ሙተወኪል ዘመን አል-ኪንዲን ክፉ ቀን አገኘው። የሒሳብ ሊቃውንቱ የሙሳ ልጆች ሙሐመድና አሕመድ አሳጡት፤ ተገረፈ፤ ቤተ መጻሕፍቱንም ወሰዱበት። በኋላ እነዚሁ ወንድማማቾች ኸሊፋው ያዘዘውን የውሃ ቦይ ያስቆፍሩ ጀመር። ሥራውን የሰጡት አል-ፈርጋኒ የቦዩን አፍ ከሌላው ክፍል አጥልቆ ቆፈረው፤ ስለዚህ ጤግሮስ ሲጎድል ውሃ አይሄድበትም። ኸሊፋው ሰምቶ ስሕተቱ እውነት ከሆነ ሊሰቅላቸው ዛተ፤ መርማሪ አድርጎም ሰነድ ኢብን ዓሊን ላከ። ወንድማማቾቹ ሰነድን ለመኑት። ሰነድ ራሱ ከአል-ኪንዲ ጋር ባላንጣ ነበር፤ ቢሆንም የአል-ኪንዲን መጻሕፍት ካልመለሳችሁ አላግዛችሁም አላቸው። ሁሉንም መረከቡን የሚገልጽ በአል-ኪንዲ እጅ የተጻፈ ወረቀት እስኪመጣለት አልተንቀሳቀሰም። ከዚያም ወንዙ ሞልቶ ስሕተቱ ለአራት ወር እንደማይታይ ያውቅ ስለነበር ቦዩ ደህና ነው ብሎ መሰከረላቸው። አራቱ ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ861፣ አል-ሙተወኪል ተገደለ።

አል-ኪንዲ እ.ኤ.አ. በ873 ገደማ ባግዳድ ውስጥ ሞተ። የምስጢር ጽሑፍ ድርሳኑ ኢስታንቡል በሚገኘው የሱለይማኒያ ቤተ መጻሕፍት በእጅ ጽሑፍ ሲጠበቅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ደማስቆ ላይ ታተመ።