ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ፦ ነፍስ መዝራትና ትንሣኤ

ቅድስት ተሬዛ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1515 ዓ.ም. በስፔን አገር፣ በአቪላ ከተማ ተወለደች። በ1535 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ወደሚገኘው የቀርሜሎሳውያት ገዳም ገባች። ብዙም ሳይቈይ ሐኪሞች ሊፈውሱት ያልቻሉት ደዌ ያዛት። በ1539 ዓ.ም. በእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ሌሊት ራሷን ስታ ወደቀች፤ ምሥጢረ ቀንዲልም ተፈጸመላት። አራት ቀን ያህል ሳትነቃ በመቈየቷ እንደ ሞተች ተቈጥሮ በገዳሟ መቃብር ተቈፈረላት። አባቷ ዶን አሎንሶ ግን ሞቷን ስላላመነ እንዳትቀበር ከለከለ። በመጨረሻም ነፍስ ዘራች፤ ተናዛም ቅዱስ ቍርባንን ተቀበለች። ሰውነቷ ግን ሦስት ዓመት ያህል ሽባ ሆኖ ቈየ፤ ፈውሷንም ከቅዱስ ዮሴፍ አማላጅነት እንዳገኘችው መሰከረች።

የስፔን ሰዎች «ሬሱሲታር» የሚል ግሥ አላቸው። ግሡ ከሙታን መነሣትንም፣ የደከመው ዳግመኛ ነፍስ መዝራቱንም ያመለክታል። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ የተለያዩ ቃላት ስላሉት፣ ተርጓሚው ግሡን ባገኘበት ስፍራ ሁሉ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ለተሬዛ መንቃት የትንሣኤን ቃል ቢሰጥ ያልተደረገ ተአምር ይጨምራል፤ ለጌታችን ትንሣኤ ነፍስ የመዝራትን ቃል ቢሰጥ ደግሞ የሃይማኖታችንን መሠረት ያፈርሳል። በእኛም ቋንቋ «ተነሣ» የሚለው ቃል ከአልጋ ለሚነሣውም ከሙታን ለሚነሣውም ያገለግላልና፣ ጥንቃቄው እኛንም ይመለከታል።

ተሬዛ ከዚያ በኋላም ሌላ መታደስ አገኘች። በ1554 ዓ.ም. በቈሰለው ክርስቶስ ምስል ፊት ተንበርክካ ስታለቅስ፣ ለብዙ ዓመታት የቀዘቀዘው ጸሎቷ ሞቀ። በ1562 ዓ.ም. የቅዱስ ዮሴፍን ገዳም መሥርታ የቀርሜሎስን የቀድሞ ሥርዐት አደሰች። በ1568 ዓ.ም. ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል በዱሩዌሎ ይህንኑ ተሐድሶ በወንዶች መነኰሳት ዘንድ ጀመረ። እርሷም በ1582 ዓ.ም. በአልባ ደ ቶርሜስ እስክታርፍ ድረስ 17 የእኅቶች ገዳማት ተቋቋሙ። በ1970 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ የቤተ ክርስቲያን መምህርት ብለው ሰየሟት።

እንግዲህ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ይህን ልዩነት ለልጆቻችን በግልጥ እናስተምር። ተሬዛ ከደዌዋ ነቅታ ከ43 ዓመት በኋላ ሞተች፤ ክርስቶስ ግን ሞት ዳግመኛ ላይገዛው ተነሥቷል። ከሕመም ስንድንና በጸሎት ስንታደስ እናመስግን፤ ተስፋችንን ግን እርሷም በምትጠብቀው በሙታን ትንሣኤ ላይ እናኑር።