ችሎት ያላየው እስረኛ

ሰው ሰርቆ ይቀጣል፤ ገድሎ ይቀጣል፤ በመንግሥት ላይ አሲሮም ይቀጣል። የወንጀሉ ዓይነት ብዙ ቢሆንም ኅብረተሰብ የሚቀጣባቸው ምክንያቶች ግን ጥቂት ናቸው። የተበደለ እንዲካስ፣ አጥፊ እንዲታረም፣ ሌላው እንዲፈራ፣ ሕዝብም በሰላም ወጥቶ እንዲገባ ነው። ለመሆኑ ከእነዚህ አንዱም ሳይነሣ የታሰረ ሰው ምን ሊባል ነው? ከኮምቦልቻ ተነሥቶ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የሚገባ መንገደኛ የአይጠየፍን አዳራሽ ሲያይ እንዲህ ያለ አንድ እስረኛ ትዝ ሊለው ይገባል። የአዳራሹ ባለቤት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ ናቸው።

አባትየው ቀድሞ መሐመድ ዐሊ ነበሩ። ሚካኤል የተባሉት በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ፣ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ተጠምቀው ነው። ትእዛዙ ሙስሊም ሹማምንትን ወይ ተጠመቁ ወይ ሹመታችሁን ልቀቁ የሚል ነበር። የወሎ ሙስሊም ከፊሉ ተጠመቀ፣ ከፊሉ ተሰደደ፣ ከሼሕ ጦልሃ ጋር ሆኖ የተዋጋም ነበር። እንግዲህ እምነት እንደ ጥፋት መቆጠሩን የኢያሱ ቤት ከልጃቸው በፊት ያውቀዋል።

ዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ መሆናቸውን አሳወጁ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ወጣቱ ሥልጣኑን ያዙ፤ ዘውድ ግን አልጫኑም። የታሪክ ጸሐፊዎች ከሚያነሡላቸው በጎ ሥራ አንዱ በፍርድ ረገድ ያደረጉት ነው። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በቁራኛ አብረው ይታሰሩ ነበር። ሌባ ሲጠፋ ደግሞ ሌባሻይ ይጠራል፤ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ያለ ምስክር ሌባ ይባላል። ኢያሱ እነዚህን ሁለቱን ለማስቀረት ተነሡ። ያለ ማስረጃ መቅጣት ክፉ መሆኑ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

ይህን ስንል ግን ንጹሕ ነበሩ ማለታችን አይደለም። በ1904 ዓ.ም. ወደ ጊሚራ ዘምተው ብዙ ሕዝብ በባርነት ተነድቷል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሊያስጠይቃቸው የሚገባ ወንጀል ቢኖር ይኸው ነበር። ተበዳይ አለው፤ ካሳ የሚገባው ሰው አለው። ሆኖም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ሲሽሯቸው ስለ ጊሚራ ሰው ማን አነሣ? የተነሣው ሰልመዋል የሚለው ነው። ጥምጥም ጠመጠሙ፣ መስጊድ ገቡ፣ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተጋቡ ተባለ። ተከሳሹ በዚያን ቀን ሐረርጌ ነበሩ። ቃዲ ቢሆን ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ የአገራችን የዛፍ ጥላ ሽማግሌ እንኳ ባልቀረበ ሰው ላይ ነገር አይቆርጥም።

በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸውን ሊመልሱ የወሎን ጦር አስከትለው ሄደው ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ። ከወሎ የዘመተው ስንቱ በዚያ ቀረ! ኢያሱ ግን በአፋር በረሃና በወሎ ሲዘዋወሩ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ። ፍቼ ላይ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ታሰሩ። የእስራቱ ዘመን ስንት ዓመት እንደሆነ የወሰነ ዳኛ አልነበረም።

በ1923 ዓ.ም. አገሪቱ የመጀመሪያውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጣች። በ1924 ዓ.ም. ኢያሱ ከፍቼ አመለጡና ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። በማስመለጡ እጃቸው አለበት የተባሉት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ችሎት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው፣ ሀብታቸውም ተወረሰ። አመለጡ የተባሉት ሰው ግን ያን ጊዜም ችሎት አላዩም። ሐረርጌ ጋራ ሙለታ ወስደው ዘጉባቸው፤ ጣሊያን ወረራውን በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር 1928 ዓ.ም. እዚያው እስር ላይ ሳሉ ሞቱ።