ጆን ኬርና ኤሌክትሪክ የሚያዘው ብርሃን

በዚህ እትማችን የምንተርክላችሁ የነገረ መለኮት ትምህርት ስለ ፈጸመ አንድ የሒሳብ መምህር ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ኬር በ1824 በስኮትላንድ፣ አርድሮሳን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን ከተባለው ከዊልያም ቶምሰን ጋር በቤተ ሙከራ ሠራ። ቤተ ሙከራ ይባል እንጂ ስፍራው አሮጌ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ነበር። ከዚያም በስኮትላንድ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ነገረ መለኮት ተማረ፤ ነገር ግን የምእመናን እረኛ ሆኖ አላገለገለም። በ1857 ቤተ ክርስቲያኒቱ በግላስጎው በነበራት የመምህራን ማሠልጠኛ ሒሳብ ማስተማር ጀመረና 44 ዓመት በዚያው ቆየ። ከመካከላችን ከመድረክ የራቀ አገልግሎት አገልግሎት አይመስለኝም የሚል ቢኖር፣ ይህን ቁጥር ልብ ይበልልን።

ታላቁ ማይክል ፋራዴይ በ1845 ማግኔት በብርሃን ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቶ ነበር። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ያደርግ እንደ ሆነ ፈትኖ ግን አላገኘም። ፋራዴይ ያጣውን አንድ የማሠልጠኛ መምህር ምን ብሎ ይፈልገዋል? ኬር ግን ከማስተማር በሚተርፈው ሰዓት ፈለገ። አንድ ወፍራም መስተዋት ወስዶ ከሁለት ወገን ቀዳዳዎቹ እስኪቀራረቡ በሳና የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገባ። በመስተዋቱ ፊት ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ የሚያደርግ ፕሪዝም፣ በስተኋላው ደግሞ ያንኑ ብርሃን የሚያግድ ሌላ ፕሪዝም አቆመ። ስለዚህ የሚያየው ጨለማ ነበር። በ1875 ኤሌክትሪኩን ሲለቅ በጨለማው ውስጥ ብርሃን ቀስ እያለ ታየው!

ግን መዘግየቱ ያጠራጥራል፤ መስተዋቱ ሞቆ ወይም ተወጥሮ ቢሆንስ? ኬር በፈሳሾችም ሞከረ። በእነዚያ ብርሃኑ ከኤሌክትሪኩ ጋር ወዲያው መጣ፣ ከኤሌክትሪኩም ጋር ወዲያው ጠፋ። ኤሌክትሪክ ብርሃን በአንድ ነገር ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት ይለውጣል ማለት ነው። የኤሌክትሪኩ ኃይል እጥፍ ሲሆንም ለውጡ አራት እጥፍ ይሆናል።

ዛሬ ፖታሲየም፣ ታንታለምና ኒዮቢየም ካሉበት ክሪስታል በዚሁ ሕግ የሚሠራ ሌንስ አለ። ተራ ሌንስ ብርሃንን የሚሰበስበው መሐሉ ወፍሮ ዳሩ ስለ ሳሳ ነው። ይህኛው እንደዚያ መጉበጥ አያስፈልገውም። ኤሌክትሪኩ በክሪስታሉ ውስጥ እኩል ስለማይሆን ብርሃኑ በመሐልና በዳር በተለያየ ፍጥነት ያልፍና ይታጠፋል። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሲል ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ርቀት ይለወጣል፤ የሚገፋ፣ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ፍጥነቱም ዓይን ከሚርገበገብበት እጅግ ይበልጣል።

ኬር ይህን ሳያይ በ1907 በግላስጎው ዐረፈ። የሎንዶኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1890 አባል አድርጎት፣ በ1898 ሜዳልያ ሸልሞት ነበር። ማስተማሩን ያቆመው ግን ከዚያም በኋላ፣ በ1901 ነው።