የዓይን መምህር ዮሴፍ አልበርስ

ዮሴፍ አልበርስ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በመጋቢት ወር 1888 ዓ.ም. በጀርመን አገር ቦትሮፕ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቤት በመቀባት ሥራ የታወቁ ባለ እጅ ስለ ነበሩ፣ አልበርስ የቀለምን ጠባይ ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከግድግዳና ከቡርሽ ተማሩ። ከ1908 ጀምሮም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአስተማሪነት አገለገሉ።

በ1920፣ ዕድሜያቸው 32 ዓመት ሲሆን፣ በቫይማር ከተማ ባውሃውስ በተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት እንደ ገና ተማሪ ሆነው ገቡ። ቀለም የሚገዙበት ገንዘብ ስላጠራቸው ከከተማው ቆሻሻ መጣያ የመስተዋትና የጠርሙስ ስብርባሪ እየለቀሙ፣ በሽቦ አያይዘው ሥዕል አደረጉት። መሬት ላይ ወድቆ ሳለ የደበዘዘው ስባሪ፣ ብርሃን ከበስተ ኋላው ባለፈበት ጊዜ እንደ ፍም ያበራ ነበር። ከዚያም በነጭ መስተዋት ላይ የተነባበረውን ስስ ቀለም በአሸዋ ግፊት እየፋቁ ወጣ ገባ ያለው ገጽ ብርሃንን እንዴት እንደሚቀበል መረመሩ።

በ1923 አዲስ ገቢ ተማሪዎችን የማስተማር ኃላፊነት ተሰጣቸው። ነገር ግን በ1933 የናዚ መንግሥት ባሳደረው ግፊት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የባለቤታቸው የወይዘሮ አኒ ወገን አይሁድ ስለ ነበር፣ ባልና ሚስቱ አገራቸውን ለቀው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በሰሜን ካሮላይና ብላክ ማውንቴን በተባለው ኮሌጅ አልበርስ እንግሊዝኛ ሳያውቁ ማስተማር ጀመሩ። አንደበት ባይፈታላቸውም በእጅና በዓይን አስተማሩ።

በ1950 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ የጡብ ግድግዳ ነደፉ። አንዳንዱ ጡብ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለ ተገነባ፣ ቀለም ሳይቀባ ጥላው ብቻ ጨለማና ብርሃን ለይቶ ቅርጽ ሆነ። በዚያው ዓመት ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሠሩትን ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል ጀመሩ። ቀለሙን ከቱቦው እንደ ወጣ በሻካራ ሳንቃ ላይ በቢላዋ ይለቀልቁት ነበር፤ በሞቃትና በቀዝቃዛ መብራት ሥር እያፈራረቁም ይመለከቱት ነበር። አንድ ቀለም በጎረቤቱ፣ በገጹና በሚያርፍበት ብርሃን መልኩን እንደሚለውጥ በዚህ አስረዱ።

ተማሪዎቻቸውንም አስቀድሞ በሕግ አላሰሩም። አንድ ዓይነት ወረቀት ቆርጠው በሁለት ልዩ ልዩ መደብ ላይ እንዲያኖሩና ሁለት መስሎ ሲታያቸው ምክንያቱን ራሳቸው እንዲፈልጉ ያደርጉ ነበር። ይህን ዘዴያቸውን የያዘው መጽሐፍ በ1963 ታተመ።

አልበርስ በመጋቢት ወር 1976፣ በ88 ዓመታቸው አረፉ። የወለዱት ልጅ ባይኖርም፣ ማየትን ያስተማሯቸው ብዙዎች ናቸው። የአስተማሪ ሥራ መልስን ማቀበል ሳይሆን ዓይንን መክፈት መሆኑን ሕይወታቸው ይመሰክራል።