ኦስካር ባርናክ፤ ትንሿን ካሜራ የሠራ መካኒክ

ግንቦት 1 ቀን የልደታ ለማርያም በዓል ሲከበር በልደታ ሰፈር ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ ወጣት ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህም መካከል ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የወረሰውን አሮጌ ባለፊልም ካሜራ ይዞ የሚወጣ አይጠፋም። ካሜራው ሕዝቡን፥ ነጫጩን ልብስና ጥላውን አጥርቶ ያነሣል። ያው ወጣት ማታ ከቤቱ ገብቶ የአያቱን የብራና ዳዊት ሐረግ ወይም አንድ አሮጌ ቴምብር ለማንሣት ካሜራውን ሲያስጠጋ ግን ሥዕሉ ደብዝዞና ጠርዙ ተቆርጦ ይወጣል። ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ካሜራው ከታሰበበት ዓላማ የመጣ ነው፤ ይህንንም ለመረዳት የሠሪውን ሕይወት ማወቅ ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦስካር ባርናክ በ1879 በጀርመን አገር በብራንደንቡርግ ክፍል ሊኖቭ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ በበርሊን አጠገብ የመካኒክነትን ሙያ ተማረ። ዕውቀቱን ያካበተው በሥራ ላይ፥ በሞረድና በመለኪያ ነበር። ከጥቂት ጊዜም በኋላ በዬና ከተማ በታወቀው የሳይስ የመነጽርና የሌንስ ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1911 ወደ ቬትዝላር ከተማ ተዛውሮ ማይክሮስኮፕ በሚሠራው በላይትስ ፋብሪካ ገባ፤ እዚያም የሙከራ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ።

ባርናክ ፎቶግራፍ ማንሣትና በእግሩ መንሸራሸር ይወድ ነበር። ነገር ግን የአስም በሽታ ነበረበት። በዚያ ዘመን የነበረው ካሜራ ከነመስተዋቱና ከነባለሦስት እግር ማቆሚያው ከባድ ሸክም ስለ ነበረ፥ ዳገት በወጣ ቁጥር ትንፋሹ ያጥረው ነበር። ስለዚህ አንድ አሳብ መጣለት፤ ይኸውም ትንሽ ነጋቲቭ አንሥቶ በኋላ ትልቅ ሥዕል ማተም ነው። ለዚህም 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የሲኒማ ፊልም መረጠ። የሲኒማውን ሥዕል መጠን በእጥፍ አሳድጎ 24 በ36 ሚሊሜትር አደረገው። በ1914 የመጀመሪያው ካሜራ በእጁ ላይ ነበር፤ በኪስም ይገባ ነበር።

በዚያው ዓመት ታላቁ ጦርነት ተነሣና ሥራው ቆመ። ባርናክ ግን ካሜራውን አልጣለም፤ በ1920 ቬትዝላርን ጎርፍ ባጥለቀለቃት ጊዜ የከተማዋን መንገዶች በርሱ አነሣ። በ1924 የፋብሪካው ባለቤት ኤርነስት ላይትስ ልጅየው ከባድ ውሳኔ ቀረበለት። የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ካጣ ገና ብዙ አልቆየም ነበር፤ ብዙዎቹ አማካሪዎቹም ማይክሮስኮፕ ሠሪ በካሜራ ንግድ መግባቱን ተጠራጠሩ። ክርክሩን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ ካሜራው እንዲሠራ ወሰነ። በ1925 በላይፕሲግ ትርኢት ላይ ላይካ በሚል ስም ለሕዝብ ቀረበ። 50 ሚሊሜትሩን ሌንስ ያሰላው የማይክሮስኮፕ ሊቅ የነበረው ማክስ ቤሬክ ነው።

የመጀመሪያው ላይካ ርቀት የሚለካ መሣሪያ በውስጡ አልነበረውም። በ1932 የወጣው ሁለተኛው ዓይነት ግን ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ ነበረው። ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ሁለት ሥዕል ያሳያሉ፤ የሌንሱ ቀለበት ሲዞር ሁለቱ ሥዕሎች በተገጣጠሙ ጊዜ ርቀቱ ተስተካከለ ማለት ነው። ሬንጅፋይንደር የሚባለው ይህ ነው።

የልደታው ወጣት ችግርም ከዚህ ይጀምራል። አንባቢ ሆይ፥ ጣትህን ከአፍንጫህ ፊት አቁምና ዓይኖችህን በየተራ ጨፍን፤ ጣትህ ወዲያና ወዲህ የሚዘል ይመስልሃል። በካሜራውም የምታይበት መስኮት ከሌንሱ ጎንና በላይ ስለ ሆነ፥ በሩቅ የማይታወቀው ልዩነት በቅርብ ሥዕሉን ይቆርጠዋል። ደግሞም የተለመደው የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ቀለበት 1 ሜትር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ካሜራውን ቀላል ያደረገው አሠራር የቅርቡን ነገር አሳጣው ማለት ነው።

ፋብሪካው ይህን ጉድለት በተጨማሪ ዕቃዎች ለመሙላት ደከመ። ከመግዛትህ በፊት ግን ምን ማንሣት እንደምትፈልግ ራስህን ጠይቅ።

አበባና ይህን የመሰለ ነገር ከሆነ፥ በሌንሱ ፊት የሚገጠም አጉሊ መስተዋት ይበቃል። ዋጋውም ቀላል ነው፤ ብርሃንም አይቀንስም። ሌንሱ በሩቅ ላይ ሲቆም ባለ2 ዲዮፕትሩ መስተዋት 50 ሴንቲሜትር ላይ፥ ባለ3ቱ 33 ሴንቲሜትር ላይ ያጠራል። ርቀቱን በሜትር ወይም በተለካ ክር ማረጋገጥ ያሻል።

ጽሑፍ፥ ቴምብር ወይም ብራና ከሆነ፥ ባለአራት እግር ማቆሚያው ይመረጣል። እግሮቹ ርቀቱንም የሥዕሉንም ወሰን ስለሚያመለክቱ በመስኮቱ ማየት አያስፈልግም። በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባው ማራዘሚያ ቀለበት ደግሞ ነገሩን ያጎላል። ለ50 ሚሊሜትር ሌንስ 25 ሚሊሜትር ቀለበት ነገሩን በግማሽ መጠኑ፥ 50 ሚሊሜትር ደግሞ በልኩ ያነሣዋል። ሆኖም በልኩ ሲነሣ 4 እጥፍ ብርሃን ይጠይቃል።

ነፍሳትን ለማንሣት ከሆነ፥ በ1935 የወጣው የመስተዋት ሳጥን፥ ከ1951 ጀምሮም ቪዞፍሌክስ የተባለው፥ በሌንሱ ራሱ አሻግሮ ያሳያል። ለዚህ የ90 ወይም የ135 ሚሊሜትር ሌንስ ይሻላል፤ ነፍሳቱ እንዳይበረግጉ ራቅ ብሎ ለመቆም ያስችላልና። ዛሬ በጀርባቸው ስክሪን ላይ ሌንሱ የሚያየውን የሚያሳዩ ዲጂታል ካሜራዎች የሳጥኑን ሥራ ተክተውታል። በየትኛውም መንገድ ካሜራውን አጽንቶ ማቆምና የሌንሱን ቀዳዳ ወደ 11 ወይም 16 ማጥበብ ይገባል፤ በቅርብ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት እጅግ ቀጭን ነውና።

ይህ ሥራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የማይክሮፊልም ድርጅት ከ9 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ተነሥተዋል። ካሜራው ሌላ ዓይነት ቢሆንም አሳቡ አንድ ነው፤ ትልቁን ነገር በትንሽ ፊልም ላይ ማኖር። ከዚያ ወዲህ ዋናው የጠፋ ብራና ቢኖር ጽሑፉን የሚያስቀርልን ያ ፊልም ነው።

ባርናክ በጥር 1936 በ56 ዓመቱ በባድ ናውሃይም ሞተ። ከ1979 ጀምሮ በስሙ የፎቶግራፍ ሽልማት ይሰጣል። ሳንባው ደካማ የነበረው ይህ መካኒክ ሸክሙን ለማቅለል ያሰበው ነገር የዓለምን ፎቶግራፍ ለወጠ። የወረሰውን ካሜራ በእጁ የያዘ ወጣትም እንዲሁ ያድርግ፤ ብዙ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ካሜራው የጎደለውን ይወቅ፥ ከዚያም ያንኑ ብቻ ይሙላ። የአያቱ ዳዊት ሐረግ አንድ መስተዋትና የተለካ ክር ይበቃው ይሆናል።