የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ታሪክ

ልጆች ሆይ፤ በእንግሊዝ አገር ንግሥት ቪክቶርያ በነገሡበት ዘመን ድኻ አደግ ሕፃናት ብዙ መከራ ያዩ ነበረ። ቻርልስ ዲከንስ የሚባል ጸሓፊ አባትና እናት የሌለው ብላቴና በድኾች ማደሪያ ቤት እየተራበ እንዳደገ፥ ኦሊቨር ትዊስት በተባለው መጽሐፉ ተረከ። ይህም ታሪክ በ1940 ዓ.ም. በሲኒማ ተሠርቶ ታየ። ያ ብላቴና ግን ጸሓፊው በልቡ የፈጠረው ነው። በዚያው ዘመን፥ በዚያው አገር፥ በእውነት የኖረ የኢትዮጵያ ድኻ አደግ ነበረ፤ ታሪኩም እነሆ።

ዓለማየሁ የአጼ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ነው፤ በ1853 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ አባቱ መማረክን ንቀው ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹም የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ዘርፈው በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሄዱ፤ ሕፃኑንም ከእናቱ ጋራ ይዘውት ወረዱ። እናቱም በመንገድ ታመው ዐረፉ። እንዲህ ሆኖ በአንድ ወር ገደማ አባትም እናትም አጣ፤ ዕድሜው ሰባት ዓመት ነበረ።

አማርኛ የሚያውቅ ካፒቴን ስፒዲ የሚባል እንግሊዛዊ በመርከብ ወደ አገሩ ወሰደው። በዋይት ደሴት ንግሥቲቱ አይተው ወደዱት። ልጁ ግን ከስፒዲ በቀር የሚያምነው ሰው አልነበረውም፤ ሌሊት ብቻውን መተኛት እንኳ ይፈራ ነበረ። አብረውም ወደ ህንድ ሄዱ። ኋላ ሹማምንቱ ለትምህርቱ የሚበጅ መስሏቸው ከስፒዲ ለዩት። እኔ ይህን ፍርድ አላመሰግነውም።

በፊልቱ ቆላ አባቱ የሞተበት ልጅ በአጎቱ ቤት ያድጋል፤ ከአጎቱ ልጆች ጋራ ፍየል ይጠብቃል፥ ወተቱንም ከእነርሱ ጋራ ይጠጣል፤ በእናቱም ቋንቋ ይጠሩታል። ዓለማየሁ መብልና ልብስ ሞልቶለት ነበረ፤ በእናቱ ቋንቋ የሚጠራው ግን አልነበረም። አማርኛውም እያደር ጠፋው። የእናቱ እናት ከኢትዮጵያ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበረ፤ ሊያዩት ግን አልታደሉም።

በቸልተንሃምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች ተማረ። በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ገባ፥ ነገር ግን ደስታ ስላላገኘበት ተወው። ሊድስ በምትባል ከተማ በአስተማሪው ቤት ሳለ በደረት በሽታ ታሞ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ንግሥቲቱ አዘኑ፤ በፈቃዳቸውም በዊንዘር ቤተ መንግሥት ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ኢትዮጵያውያን ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ደጋግመው ለመኑ፤ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ እንቢ አለ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግን በስፒዲ ዘመዶች ቤት ተጠብቆ የኖረ ጥቂት ጠጕሩ በለንደን ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ።